ላንክር

ማናማ፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ ከጠባቡ ደረጃ በላይ፣
አንድ ጋዜጣ ነበር፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ፀሐይ የሚያይ።
ሦስት መቶ ቅጂ ነው፤ ሠላሳው ሳይሸጥ ይመለሳል።
አንባቢው? አንድ የቤሩት ጥርስ ሐኪም፣ ቆሞ ያነባል፤
የቱኒስ አስተማሪ፣ በቀይ እስክሪብቶ ስሕተት ይለቅማል፤
መርከቡ ጥሎት የሄደ የጅቡቲ ሰው፣
የአየሩን ትንበያ ብቻ ይቆርጣል።

እኔ አራሚ ነበርኩ። የድሬዳዋ ልጅ፣ የሸመንደፈር፤
አባቴ ባቡር፣ እኔ ዓረፍተ ነገር፣
ስናስቆም የኖርን ዘር።
ፈረንሳይኛዬ የቅባትና የብረት ሽታ አለው፤
ሙሴ ለጋል ሲሰማኝ፣ «ይኼ የፓሪስ አይደለም» አለ፣ «የሐዲድ ነው።»
የቀጠረኝም ለዚህ ነው።

የጋዜጣው ስም ላንክር። በሩ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም።
ገና የገባሁ ቀን ጠየቅሁት፦ «መልሕቅ ነው ወይስ ቀለም?»
በእነሱ አፍ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ለጆሮ፤
የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው፣ ለዓይን ብቻ ተቋጥሮ።
ሳቀ እንጂ አልመለሰም።
ሰሙ መልሕቅ፣ ወርቁ ቀለም ነው ብዬ ለራሴ ፈታሁት፤
ቸኩዬ ነበር።

ማታ፣ ማሽኑ ሲበርድ፣ ሙሴ ለጋል ጫማውን አውልቆ
የጋዜጣን የዘር ሐረግ ይቆጥርልኛል፣ ከሥሩ ፈልቅቆ፦
ከተከበበ ከተማ በፊኛ የወጣውን፣
በጓዳ ታትሞ፣ በልጅ ጋሪ ፍራሽ ሥር የዞረውን፤
«ከሁሉ ግን» ይላል፣ «አያቴ ያስቀመጠው፣ የታላቁ ጦርነት ጊዜ ጋዜጣ፣
ሳንሱር የበላው ቦታ ነጭ እንደሆነ የወጣ።
በሌላ ወሬ አልደፈኑትም።
ልጅ ሆኜ በጣቴ እነካው ነበር፤ የሚሻክር መስሎኝ።»

አንድ ሰኞ አንዲት ልጅ ከአምስተኛ ፎቅ ወደቀች፣ ሙሐረቅ።
የሰው ቤት ሠራተኛ፤ የትውልድ አገሯ ሐይቅ።
ሙሴ ለጋል ሄዶ ጎረቤት ጠየቀ፤
ጫማዋ በረንዳው ላይ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ተገኘ ጻፈ፤
ማን ጎን ለጎን እንዳደረገውም ጠየቀ፣ በመጨረሻው መስመር።

ስሟን የነገርኩት እኔ ነኝ። «እንዴት ይጻፋል?» አለ።
ጸ። ለዚች ድምፅ ላቲን መልሕቅ መጣያ የለውም፤
ሁለት ፊደል አጣብቀን፣ ሦስቴ ሰርዘን ጻፍነው፦
ጸዳለ።
«ምን ማለት ነው?»
«ብርሃን» አልሁት። «የሚያበራ ነጭ።»

ረቡዕ ማታ ረቂቁ ከቢሮ ተመለሰ፣
ሰማያዊ እርሳስ ከላይ እስከ ታች አርሶት።
የአየር መንገድ ማስታወቂያ ነበረን፣ ልኩ የሆነ፤
አንድ የዓሣ አሠራርም፣ በኮኮናት።
ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አቀረብኩለት።
የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል።
ሙሴ ለጋል የማጣበቂያውን ክዳን ዘጋ።
«ተወው» አለ። «ነጩን ተወው።»

ሐሙስ ወጣን። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከስንዝር የሚበልጥ ነጭ።
ጥርስ ሐኪሙ ደወለ፦ «ቀለም አለቀባችሁ እንዴ?»
አዎ። መልሕቁ የያዘው ቀለሙ በሌለበት ነው፤
ይህን ግን በስልክ አላልኩም፤ «የማሽን ችግር» አልሁ።
አስተማሪው በቀዩ ከበበው፣ ምንም አልጻፈበትም።
የጅቡቲው ሰው ደረጃውን በእግሩ ወጣ፤
ገጹን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ቆየ፤
«እዚህ ውስጥ ሰው አለ» አለኝ።

ሠላሳው ቅጂ እንደ ወትሮው ተመለሰ።
ከሁለት ወር በኋላ በሩ ታሸገ፤ ምክንያቱ ኪራይ ተባለ፤
ምናልባትም ኪራይ ነበር።

አንዱ ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ነጩም አብሮ።
አራሚ አይደለሁ? እያወጣሁ አያለሁ፣
ከዚያ ባዶ ስንዝር ላይ ስሕተት እፈልጋለሁ።
የለም።
ስሕተቱ ከገጹ ውጭ ነው፦
ያን ማስታወቂያ፣ ልኩ የሆነውን፣
ሳይጠየቅ ያቀረበ እጅ።